ወደብ ያጣችው የበግ መርከብ

የ1996ን እንቁጣጣሽ ታስታውሳላችሁ? እኔ የማስታውሰው በጉን ነው። ሾላ ገበያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ላት የሚዳብስ አባወራ፣ “አልሸጥም” ብሎ ፊቱን ካዞረ በኋላ መልሶ የሚጠራ ነጋዴ፣ በመጨረሻም አራት እግሩን ታስሮ ታክሲ ፖርቶመጋላ ላይ ተጋድሞ የሚሄድ በግ። እኛ እዚህ በአንድ በግ ስንከራከር፣ ያን ዕለት ከ50 ሺህ በላይ በጎች ባሕር ላይ ነበሩ። ሻጭ ነበራቸው። ገዢም ነበራቸው። ያጡት የሚወርዱበትን ወደብ ነው። (ወደብ ስለማጣት ለኛ ማን ይነግረናል እንዳትሉኝ። የነሱ ሌላ ዓይነት ነው።)

መርከቧ ኮርሞ ኤክስፕረስ ትባላለች። ሐምሌ 1995 ሲገባደድ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2003 መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው፣ 57,937 በጎች ጭና ከምዕራብ አውስትራሊያው የፍሪማንትል ወደብ ተነሳች። መድረሻዋ ጅዳ። መንገዱ ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ነው።

“ሳዑዲ በግ ፍለጋ እስከ አውስትራሊያ ምን አስኬዳት? እኛ እዚህ አጠገቧ አይደለንም እንዴ?” ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ከኦጋዴን ተነድቶ በርበራ የሚደርስ በግ ጅዳን ለማየት የጥቂት ቀን ባሕር ነው የሚቀረው። ነገር ግን በ2000 (እ.ኤ.አ.) የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲና የመን ውስጥ ገብቶ ሰው ሲገድል፣ ሳዑዲ ለምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ከብት፣ በግና ፍየል በሯን ዘጋች። በሩ እስከ 2009 ድረስ እንደተዘጋ ቆየ። ከአውስትራሊያ ጋር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። በ1989 ሳዑዲ የአውስትራሊያን በግ በበሽታ ምክንያት ስትመልስ ንግዱ ለአሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። የተከፈተው በዚያው በ2000 ነው። የኛ አርብቶ አደር በጉን የሚሸጥበት አጥቶ ሲቀመጥ፣ ከዓለም ጥግ የመጣ በግ በአጠገቡ አልፎ ጅዳ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ይኼኛው ጭነት ግን አልገባም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጅዳ ሲደርስ የሳዑዲ የእንስሳት ሐኪሞች መረመሩና 6 በመቶው የአፍ ቁስል በሽታ አለበት አሉ። የተፈቀደው 5 በመቶ ነው። በሽታው በግ አፍ ዙሪያ ቅርፊት የሚያወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ራሱ የሚድን ነገር ነው። በመርከቧ ላይ የነበረው የአውስትራሊያ ሐኪም የታመሙት 0.35 በመቶ ብቻ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ማን ልክ እንደነበር ዛሬም ድረስ ያከራክራል። በጎቹ ግን ከሁለቱ ቁጥሮች መሐል ቀሩ። አንዱ መንግሥት “አይወርዱም” አለ፣ ሌላው “ጤነኛ ናቸው” አለ፣ መርከቧም ዞረች።

እዚህ ላይ በግ መርከብ ላይ እንዴት እንደሚኖር ልናገር፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። እንዲህ ያሉት መርከቦች ብዙዎቹ መኪና ወይም ሌላ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው ያረጁና በኋላ ለከብት የተቀየሩ ናቸው። ፎቅ በፎቅ ላይ ይደረደራል፣ ፎቁ በበረት ይከፋፈላል፣ በረቱ በበግ ይሞላል። ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ያደገ በግ ገንዳ ውስጥ የተጠፈጠፈ ደረቅ መኖ ሲቀርብለት ምግብ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ገንዳ ፊት ቆሞ በረሃብ የሚሞት አለ። በረሃብ የደከመውን ሳልሞኔላ ይጨርሰዋል። በበግ መርከብ ላይ ከሚታወቁት ዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። በግ ጸጉሩን ተሸክሞ የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ በእንፋሎት ሲሞላ ማለክለኩ አይሠራም። በኦገስት ቀይ ባሕርና ባሕረ ሰላጤው እንዲህ ናቸው፤ ሌሊቱም አያሳርፍም። ሽንትና ፋንድያው ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፣ ሲሞቅ ይላቁጣል፣ የአሞኒያው ሽታ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። መርከብ ስትንቀሳቀስ ቢያንስ ነፋስ አለ። ቆማ ፈቃድ ስትጠብቅ እሱም የለም። ለሁለት ሳምንት ተኩል የታሰበው ይኼ ኑሮ ነው እንግዲህ ሁለት ወር የተጨመረበት።

የአውስትራሊያ መንግሥት በመጨረሻ በጎቹን ከሳዑዲው ነጋዴ መልሶ ገዛቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀልድ ይመስላል። ከ50 የሚበልጡ አገሮች ተለመኑ። በነጻ ውሰዱልን ተባሉ። ሁሉም አሰቡበት፤ “ሳዑዲ ታመዋል ያለቻቸውን እኔ ለምን?” ማለት ቀላል ነው። ጦርነት ላይ የነበረችው ኢራቅ ሳትቀር ታስባ ነበር። እዚያው መርከብ ላይ ይታረዱ የሚል ሐሳብ መጣ፣ ይኼን ያህል በግ ባሕር ላይ አርዶ የሚጨርስ ግን ከየት ይመጣል? ወደ አገራቸው ይመለሱ ሲባል ደግሞ የአውስትራሊያ ገበሬዎች በሽታ ያመጡብናል ብለው ተቃወሙ። ይኼን ሳነብ ነው በጣም የገረመኝ። “ጤነኛ ናቸው” ብሎ የላከው አገር ሲመለሱ ፈራቸው።

የእንቁጣጣሽ በግ ተበልቶ፣ መስቀልም አልፎ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1996 ዓ.ም. በጎቹ መሬት ረገጡ። ምጽዋ ላይ። ከጅዳ ማዶ፣ ያችው ቀይ ባሕር። ኤርትራ በጎቹን በነጻ ተቀበለች። ከነሱ ጋር 3 ሺህ ቶን መኖና ለወጪው አንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሰጣት። ያን ጊዜ ኤርትራ በድርቅ ተመትታ ሰው ርዳታ እህል ይጠብቅ ነበር፤ እኛም እንደዚያው ነበርን። ስለዚህ “አልፈልግም” የማለት ቅንጦት አልነበራትም። ዜናውን እንደ በጎ አድራጎት ያወሩት ነበሩ። ለኔ ግን ሀብታሞቹ ሲገፈታተሩ የቆዩትን ዕዳ ድሃ ቤት ማራገፍ ነው።

ጉዞው ሲያበቃ 5,691 በጎች ሞተዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ለማለት ጥቂት የቀረው። ቁጥሩ ራሱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በጊዜው በአውስትራሊያ ደንብ በአንድ የበግ ጭነት ላይ ሞት 2 በመቶ እስኪደርስ ምርመራ አይቀሰቅስም ነበር። ለዚህች መርከብ አስሉት፤ 1,158 በጎች ቢሞቱ መዝገብ ላይ “የተለመደ ጉዞ” ነው። በሕይወት የወረደው ደግሞ ሁሉ ደህና ተብሎ ይቆጠራል። ሲያለከልክ ይክረም፣ ሲራብ ይክረም፣ የሚጠይቅ የለም። ንግዱ የሚለካው በሬሳ ብቻ ነበር።

ጉዳዩ አውስትራሊያ ውስጥ ጫጫታ አስነሳ። ጆን ኬኒሪ የተባሉ ሰው የመሩት አጣሪ ቡድን በ2003 መጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ደንቡን ነጋዴዎቹ ለራሳቸው ከሚያወጡት መንግሥት ራሱ ያውጣው የሚል ነበረበት። ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ጭነት እስከ 2005 ቆመ። ሲከፈት የተደረሰበት ስምምነት አጭርና ግልጽ ነው፦ እንስሳቱ ታመሙም አልታመሙም፣ መርከቧ በደረሰች በ36 ሰዓት ውስጥ ወርደው ኳራንቲን ይግቡ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥል። ይኼን አንድ መስመር በነሐሴ 1995 የጻፈው ቢኖር ኖሮ አብዛኛው ሞት ባልደረሰ ነበር።

ሙቀቱ ግን ስምምነት አያውቅም። በኦገስት 2017 አዋሲ ኤክስፕረስ በተባለች ሌላ መርከብ ላይ ወደ 2,400 በጎች በሙቀት አለቁ። አንድ ወጣት ፓኪስታናዊ መርከበኛ በስልኩ ቀርጾ ነበርና በ2018 ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። የሪፖርት ገጽ ያላደረገውን ምስሉ አደረገው። በፈረንጆቹ በጋ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በግ መላክ ተከለከለ፣ በ2024 ደግሞ የአውስትራሊያ ፓርላማ በግን ከነነፍሱ በመርከብ መላክ ከሜይ 1 ቀን 2028 ጀምሮ እንዲያበቃ ሕግ አወጣ።

ከኛ ወገን የሚሻገሩት በጎች ግን አሉ፤ በጅቡቲ፣ በበርበራ፣ በሱዳኗ ሱዋኪን። በጁን 2022 ባድር 1 የተባለች መርከብ ሱዋኪን ወደብ ላይ፣ ገና ከመነሳቷ፣ ሰመጠች። ከ15 ሺህ በላይ በጎች ተጭነውባት ነበር። መያዝ የምትችለው 9 ሺህ ያህል ነው። መርከበኞቹ ሁሉ ተረፉ። ከበጎቹ የወጡት ጥቂት መቶዎች ናቸው። የምትሄደው ወደ ጅዳ ነበር።