አራስ፣ ጡት እና የወረርሽኝ ዘመን

እህቶቼ፣ ባለፈው አርብ እዚህ ሞሃንዲሲን ተሰብስበን የተነጋገርነውን «ጻፊልን፣ ላልመጡት ይድረስ» ስላላችሁኝ እነሆ ጻፍኩት። ነገሩ ስለ አራስ እናት ጭንቀት ነው። ብዙዎቻችን የሰው ልጅ ታቅፈን የራሳችንን ልጅ በስልክ የምናይ ነን። እዚሁ ካይሮ የወለዱም በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ታሪኩ የራሳችን ነው።

በሀገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎ ይገነፋላታል፣ አጥሚት ይቀርብላታል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከባድ ሥራ አትነካም። ግብፆችም ሰባተኛውን ቀን «ሰቡዕ» ብለው ያከብራሉ፣ ለአራሷ ሞጋት የሚባል ትኩስ መጠጥ ያፈላሉ። ይህ ወግ ብቻ አይመስለኝም። እናት በልታ፣ ተኝታ፣ ሰው አይታ ልጇን ብቻ እንድታስብ የተሠራ አጥር ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈርሰው ይኸው አጥር ነው፤ ጠያቂው ራሱ ይፈራልና።

አያቶቻችን የሚያወሩት የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1918፣ ዓለምን የዞረው ጉንፋን ኅዳር ላይ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ሐኪሙ ጥቂት ነበር፣ ቀባሪም ጠፋ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መታሰቢያ ነው። ያ ጉንፋን በዓለም ሁሉ ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ አልነበረም የሚወስደው፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጠንካሮች ይጥል ነበር፣ በነፍሰ ጡሮች ላይም በጣም ይከፋ ነበር። ማለትም እናቶችን። በዚያ ዘመን ጡጦና የዱቄት ወተት በተራ ሰው ቤት አልነበረም። እናት ከሞተች የጨቅላው ዕጣ በሌላ የምታጠባ ሴት ወይም በከብት ወተት ላይ ነበር። በሀገራችን «የጡት ልጅ» የሚባል ዝምድና መኖሩ፣ በግብፅም አንድ ጡት የጠቡ እንደ ወንድምና እህት ተቆጥረው አለመጋባታቸው፣ ወተት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ ያሳያል።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። እዚህ ፍርሃቱ እውነት ነበረው፤ ቫይረሱ በጡት ወተት ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ በብዙ አገር እናቶች የዱቄት ወተት እንዲሰጡ ተመከሩ። ነገር ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቦትስዋና ከባድ ዝናብ ዘንቦ ተቅማጥ ሲገባ፣ ከሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። ዱቄቱ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ ጡት ግን አይፈልግም። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን አሻሻለ፦ እናትየው ወይም ሕፃኑ መድኃኒት እየወሰዱ ማጥባት ይቻላል አለ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ እናትና ልጅን መለየት ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀረ።

ሦስተኛው ሁላችንም ያየነው ኮቪድ ነው። ግብፅ የመጀመሪያውን ታማሚ በየካቲት 14፣ 2020 (እ.ኤ.አ.) አስታወቀች፤ ኢትዮጵያ በመጋቢት 4፣ 2012 ዓ.ም.። በማርች 19 የካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኛ ተዘጋ፣ በማርች 25 ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሰዓት እላፊ ተጀመረ። አዳሪ የነበሩት ከቤት መውጣት ተከለከሉ፣ እኔን የመሰልን ተመላላሾች «በሽታ ታመጪብናለሽ» ተብለን ቀረን። ያኔ ቤት የምንጋራት አንዲት እህት ወለደች። ገንፎውን በሩ ላይ አስቀምጠን በስልክ «ብዪ» እንላት ነበር። ትንሽ ስታስል ልጄን እገድለዋለሁ ብላ ሁለት ቀን ጡት ከለከለችው። ጡቷ አብጦ እሷም ልጁም አብረው ያለቅሱ ነበር።

እሷ ብቻ አልነበረችም የፈራችው። በቻይና በመጀመሪያዎቹ ወራት የታመመች እናት ከልጇ ለ14 ቀን እንድትለይ ባለሙያዎች መክረው ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በአፕሪል 2020 ለጊዜው መለየትን መከረ፤ በጁላይ ግን አሻሽሎ አብረው ይቆዩ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከመጀመሪያው ማጥባትን ይደግፍ ነበር፦ እጇን ትታጠብ፣ ጭምብል ታድርግ፣ ታጥባ። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ትናንሽ ሆነው የተወለዱትን ከእናት ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ማቆየት እስከ 125,000 ሕይወት ሊያድን እንደሚችል፣ በኮቪድ ይሞታሉ የተባሉት ጨቅላዎች ግን ከ2,000 በታች እንደሆኑ አስልቷል። መለየቱ ከበሽታው ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አሁን ስለ ጭንቀቱ። «ስጨነቅ ወተቴ ደረቀ» የምትሉ አላችሁ። ወተቱን ከጡት ወደ ታች የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ድንጋጤና ጭንቀት ያዘገየዋል። ወተቱ ግን አልጠፋም። ልጁን ደረት ላይ አድርጎ፣ ትኩስ ነገር ጠጥቶ፣ ደጋግሞ ማጥባት ያወርደዋል። ልጁ በጠባ ቁጥር ጡት ይሠራል። የመጀመሪያው ቢጫ እንገርም አይፈሰስ፤ በሽታ የሚከላከል ነው።

ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ልጁን ማየት ካስጠላ፣ ያ በሽታ ነው እንጂ ክፋት ወይም እርግማን አይደለም። በዓለም ከወለዱ እናቶች ወደ 13 በመቶ ያገኛቸዋል፣ በድሃ አገሮች ወደ 20 በመቶ። ይታከማል። ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ያሰበችን ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት፣ ለብቻዋም አንተዋት።

ወደ ሥራ የምትመለሱ፣ ወተት በንጹሕ ዕቃ ማለብ ትችላላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ በካይሮ በጋ ግን ከዚያ ያነሰ። የዱቄት ወተት የምትሰጡም አትፈሩ፣ አትፈሪም፤ ውሃውን አፍሉ፣ ጡጦውን ቀቅሉ፣ ዱቄቱን ለመቆጠብ አታቅጥኑ።

እኛ እዚህ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት የለንም። ስለዚህ አንዷ ስትወልድ ተራ እናውጣ፦ አንዷ ምግብ፣ አንዷ ልብስ ማጠብ፣ አንዷ ልጁን ይዛ እናቱን ማስተኛት። ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ በሩ ቢዘጋም ምግቡ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ስልኩም ይደወላል። አጥሩን የሚሠራው ሰው ነው፤ እዚህ ያለነው ደግሞ እኛ ነን።