የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ቡድን፦ የቋሚና የተጠባባቂ ፖይንት ጋርድ ምርጫ

ጨዋታውን የሚያቀናብረውን ፖይንት ጋርድ ማን ይጀምር፣ ማንስ ይተካው የሚለው የአሰልጣኝ ውሳኔ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ማጥቃቱን ለሚመራው ተጫዋች (ኳርተርባክ) የሚነሳው ክርክር ቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሆኖም ኳርተርባክ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ከማንም ጋር አይጋራም። በቅርጫት ኳስ ቅያሬ ስለማይገደብና 5 ፋውል ተጫዋችን ስለሚያስወጣ ተጠባባቂው መግባቱ አይቀርም።

ለደቡብ ሱዳን ቡድን ጉዳዩን ያወሳሰበው የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ ነው፦ ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ከአንድ አይበልጥም። አሰልጣኝ ሮያል አይቪ ይህን ብቸኛ ቦታ በሲንሲናቲ ለተወለደው ካርሊክ ጆንስ ሰጠ። በመሆኑም ተጠባባቂው የግድ ከደቡብ ሱዳናውያን ልጆች መገኘት ነበረበት። ጆንስ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ በጨዋታ በአማካይ 10.4 ለነጥብ የበቁ ኳሶችን (አሲስት) አቀብሎ ውድድሩን መራ። ሐምሌ 2024 ለንደን ላይ አሜሪካ 101 ለ 100 ባሸነፈችበት የወዳጅነት ጨዋታ ደግሞ 15 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድና 11 አሲስት አስመዘገበ። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳረፍ ያስፈራል። ግን 40 ደቂቃ ሙሉ ማሰለፍም አይቻልም።

ቡድኑ በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶሪኮን 90 ለ 79 አሸንፎ በአሜሪካና በሰርቢያ ተሸንፏል። የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሉዎል ዴንግ አገሪቱ የቤት ውስጥ ሜዳ እንደሌላት ደጋግሞ ተናግሯል፤ ስለዚህ ምርጫው የተከናወነው ከዋና ከተማዋ ጁባ ውጭ በተደረጉ ዝግጅቶች ነው።