ከዳዊት ድግስ እስከ ወላጆች ቀን

የትምህርት ታሪካችን በተጻፈ ቁጥር ጎልተው የሚታዩት የሕንፃዎች ብዛት፣ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥና የአዋጆች ቀን ናቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በተለይም በዓመቱ መጨረሻ በዚያ ግቢ ስለሚሰበሰበው ሕዝብ፣ እምብዛም የተጻፈ ነገር የለም። ነገር ግን በገጠሪቱ ኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ብቻ ሆኖ የኖረበት ዘመን የለም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከገበያ ቀጥሎ ወሬ የሚሰማበት፣ ሰው የሚመሰገንበትና የሚታዘንበት፣ መንግሥትም ፊቱን ለሕዝብ የሚያሳይበት ሦስተኛው አደባባይ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ምን ይከበር ነበር? ማን ያከብር ነበር? በምንስ ቋንቋ? ብሎ መጠየቅ የበዓል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኅብረተሰቡን የታሪክ ጉዞ መጠየቅ ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ዋግ እንሂድ። ሰቆጣና ጎረቤቷ ፃግብጂ፣ ደሃና፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ፣ ጋዝጊብላና ሳህላ የሚገኙበት ይህ አገር፣ ከተራራው ጫፍ እስከ ተከዜ ቆላ በድንጋይና በገደል የተከፋፈለ ነው። ነዋሪው የኽምራ አገው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ኽምጠኛ አለው። አገሩን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ዋግሹሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ዛሬም ቆሟል። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ታሪክ ያለው ሕዝብ ልጁን ማስተማር የጀመረው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

የትምህርት በዓል የመጀመሪያው መልክ የሚገኘው በንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌል ይሻገራል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙር ይዞ ዳዊት ይደግማል። ልጁ ዳዊት በደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፤ ለመምህሩ የሚሰጠው ስጦታ ይዘጋጃል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይመርቃል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ በዓል የቀን መቁጠሪያ የለውም። ልጁ ባነበበ ጊዜ ነው የሚከበረው። ፈጣኑ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ደረጃ አይወጣለትም። ደጋሹም መንግሥት ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ድግስ የሚቀሩት ብዙዎች ነበሩ፤ ሴት ልጅ ከጥቂት የባለጸጋና የመኳንንት ቤቶች በስተቀር ከንባብ ቤት ደጃፍ አትደርስም ነበር፤ የሙስሊሙ ልጅም ትምህርቱን የሚያገኘው በሌላ በኩል፣ ከቁርአን መምህሩ ዘንድ ነበር። ዳዊቱም የሚደገመው በግዕዝ እንጂ እናት ቤት ውስጥ በምትናገረው ቋንቋ አልነበረም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈቱ፣ ትምህርት የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ቀን ያለው አዲስ ዓይነት ዓመት ተፈጠረ። ከዓመቱ ጋር የዓመቱ መዝጊያ በዓልም አብሮ መጣ። ለኪነ ጥበብ ታሪካችን እጅግ ጠቃሚ የሆነው ነገር የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከታገደ በኋላ፣ የአማርኛ ቴአትር መጠለያ ያገኘው በትምህርት ቤት ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ለተማሪዎች ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ተዋንያኑ ሕፃናትና ወጣቶች፣ ተመልካቹም መኳንንቱና ወላጁ ነበሩ። እንግዲህ የዘመናዊ ቴአትራችን እንጀራ የተጋገረው በትምህርት ቤት ምጣድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይህን ሁሉ አቋረጠው፤ ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶቹ እንደገና ተከፈቱ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ቀስ በቀስ ተስፋፉ። ወሎ ውስጥ ደሴ ቀድማ፣ እንደ ዋግ ያሉት ሩቅ አውራጃዎች ተከትለው የመጡ ናቸው።

በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት የሚያከብራቸው ታላላቅ ቀኖች ከዙፋኑ ጋር የተያያዙ ነበሩ። የዘውድ በዓል ጥቅምት 23 ቀን ተማሪው በሰልፍ የሚወጣበት ነበር። የንጉሡ የልደት ቀን ሐምሌ 16 ግን በክረምቱ መካከል፣ ተማሪው ከብት በሚጠብቅበትና እርሻ በሚያግዝበት ወቅት የሚውል በመሆኑ፣ በገጠር ትምህርት ቤት የነበረው ድምቀት ከከተማው ጋር የሚተካከል አልነበረም። ዝናብና ጭቃ የፖለቲካን በዓል እንኳ ይበግሩታል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሥር የሰደደው በሰኔ የሚውለው የወላጆች ቀን ነው።

ይህ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ በገጠር ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ከሳምንት በፊት ግቢው ይጠረጋል፤ በበሩ አጠገብ ያሉት ድንጋዮች ኖራ ይቀባሉ፤ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዳስ ይጣላል። ደወሉ፣ ማለትም በገመድ የተንጠለጠለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይመታል። በፊተኛው ወንበር የአካባቢው ሹማምንትና ሽማግሌዎች፣ ቄሱና ሼሁ ይቀመጣሉ፤ እናቶች በሣሩ ላይ፣ ሕፃን የታቀፉት ወደ ጥላው ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ። ርእሰ መምህሩ ሪፖርት ያነባል፤ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት አቋረጠ፣ የትኛው ክፍል ጣራ ያፈስሳል፣ ከወላጅ ኮሚቴው ምን ይጠበቃል የሚል ነው። ሕዝቡ ይህን ንባብ በትዕግሥት የሚያደምጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስለሚጠብቅ ነው። ከዚያ ተማሪዎች ግጥም ያነባሉ፤ ጭውውት ያቀርባሉ፤ በጭውውቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰካራም አባት፣ አንዲት ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅና አንድ አስተዋይ መምህር አይጠፉም። ተመልካቹ በሰካራሙ ይስቃል፤ በተዳረችው ልጅ ላይ ግን ዝም የሚል ወላጅ አለ። ይህ ዝምታ በማናቸውም ሪፖርት ላይ የማይጻፍ ሲሆን፣ ቴአትር ዓላማውን መምታቱን የሚያሳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ደረጃ ይነበባል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጣው ልጅ ስሙ ሲጠራ እየሮጠ ይወጣል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል፤ እናቱ እልል ትላለች። በክፍሉ መጨረሻ የቀረው ልጅ ስም ግን በዚያ ቀን አይሰማም። የዳዊቱ ድግስ እያንዳንዱን ልጅ በየተራው ያከብር እንደነበር ሲታሰብ፣ ዘመናዊው በዓል ያተረፈው እንዳለ ሁሉ የጎደለውም እንዳለ ማየት ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ የዜና ምንጭ የሆነበትም መንገድ ትኩረት ይገባዋል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ቢታተምም፣ ወደ ዋግ ተራራ የሚደርሰው ጋዜጣ ጥቂት፣ አንባቢውም ከዚያ ያነሰ ነበር። በመንደሩ ደብዳቤ የሚያነበው ተማሪው ነው። ከሩቅ አገር ለሥራ የሄደ ወንድም መታመሙን፣ ከጦር ሜዳ የተጻፈ ሰላምታን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያን ለአባትና ለጎረቤት የሚያሰማው የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ የሰው ምሥጢር ጠባቂ ይሆናል፤ መርዶም በአፉ ይወጣል። በማለዳ ሰልፍ የተነገረው ማስታወቂያ፣ የክትባት ቀን ይሁን የግብር፣ ከምሳ በፊት በየቤቱ ይደርሳል። ኋላ በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የሚኒ ሚዲያ ክበባት ለዚህ ነባር ልማድ ድምፅ ማጉያ ጨመሩለት እንጂ ልማዱን አልፈጠሩትም።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የትምህርት ቤቱን የበዓል ዝርዝር ከሥሩ ለወጠው። የዘውዱ ቀኖች ተሽረው መስከረም 2ና የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 ተተኩ። ብሔራዊ መዝሙሩም ተለወጠ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተለውጧል፤ ስለዚህ በአንድ ቤት አያት፣ አባትና ልጅ በሰንደቅ ዓላማ ሥር የዘመሩት ሦስት የተለያየ መዝሙር ነው። በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከዚህ እንቅስቃሴ እውነተኛ ፍሬ አልተገኘም ማለት ግፍ ይሆናል፤ እነ ማሪቱ ለገሰን ለአገር ያስተዋወቀው የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ምስክር ነው። ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች መድረክ ላይ የልጁ ጨዋታ በመፈክር ተተካ፤ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል በቃሉ አጥንቶ ክንዱን እያነሳ የሚጮኽ የ2ኛ ክፍል ተማሪ የማንን በዓል ያከብር እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ግዙፉ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እናቶችና አባቶች በልጆቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፤ የምስክር ወረቀት የተቀበሉበትም ዕለት እንደ ሠርግ የሚታይ ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል። ኽምጠኛ ግን ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። የዋግ እናት እንደ ቀድሞው ዳዊት ደጋሚ ሁሉ፣ ማንበብ የተማረችው በቤቷ በማትናገረው ቋንቋ ነበር።

ከዚያም 1977 መጣ። ድርቁ በዋግና በላስታ እጅግ በረታ፤ ሕዝቡ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ጎረፈ። የእርስ በርስ ጦርነቱም በዚያው አገር ላይ ነበር። ልጅ የሌለበት ክፍል፣ ወላጅ የሌለበት ሰኔ ምን እንደሚመስል መግለጽ አያሻም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት የገባው ቃል በሰቆጣ ስም መጠራቱ በከንቱ አይደለም። ለዋግ ልጅ ትምህርትና ምግብ ተለያይተው የሚታዩ ጉዳዮች ሆነው አያውቁምና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። ኽምጠኛ ወደ መማሪያ ክፍል ገባ። ለሰኔው በዓል ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ምክንያቱም እናት በሣሩ ላይ ተቀምጣ ልጇ በመድረክ ላይ የሚለውን ያለ አስተርጓሚ የምትሰማበት ዘመን ከፈተ። ሌላም ነገር አለ። በዋግ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ የሚለው ነው። ይህ በዓል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ የሚውል፣ መምህር ያላስጠናው፣ ሹም ያላዘዘው የልጃገረዶች መድረክ ነው። በነሐሴ በደጅ የተዜመው ግጥም በሰኔ በትምህርት ቤቱ ዳስ ውስጥ ይሰማል፤ በሰኔ የተፈጠረው ቀልድም ነሐሴ ላይ በሻደይ ዜማ ይመለሳል። በእኔ ግምት የዋግ የትምህርት ቤት መድረክ ከመፈክር ድርቀት የዳነው በእነዚህ ልጃገረዶች ነው።

ለቅርቡ ታሪክ የሚበዛው የተቋረጡት ዓመታት ታሪክ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ በዚያ ሰኔ በየትኛውም ግቢ ዳስ አልተጣለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ገባ። ሰቆጣ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነፃ ብትሆንም፣ የአበርገሌና የፃግብጂ ሕዝብ ግን ብዙው ቀዬውን ጥሎ በሰቆጣ አካባቢ፣ በወለህና በሌሎች መጠለያዎች ኖረ። የ2014 ሰኔ ለፃግብጂ ልጆች ካርድ የሚታደልበት ሰኔ አልነበረም። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻቸው በሰልፍ ይወጡበት በነበረው በዚያው ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ነገር ግን ታሪክ ለሚያስተምር ሰው የማይረሳ አጋጣሚ ነው።

በ2012 መስከረም በ6 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ የፃግብጂ ልጅ፣ ስምምነቱ ሲፈረም 9 ዓመቱ ነበር። በእነዚያ 3 ዓመታት ውስጥ ወረርሽኝ፣ ጦርነትና ስደት አልፈውበታል። በመጠለያ የቆየች እኅቱ ምናልባት ፊደሉን ሳትጨርስ ሻደይን ለምዳለች፤ ለሻደይ ደብተር አያስፈልግምና። ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲከፈት መምህሩ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ዕድሜ ከክፍሉ ጋር አይገጥምም፤ ከትንሹ ወንበር የሚተርፉ እግሮች አሉ። ደወሉ ግን፣ ቸርኬው ካልተወሰደ፣ ያው ደወል ነው፤ እናቶችም በሰኔ የሚቀመጡበት ሣር ያው ሣር ነው።