የአንኮበር ድርጎ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬዬ ከሩቅ ነው የሚነሳው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሳ። የአፋርን በረሃ በግመል ቅፍለት አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ሸዋ ገባ። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ታዲያ አንኮበር ላይ አልጋ መከራየት የሚባል ነገር የለም። የንጉሥ እንግዳ የሚኖረው በድርጎ ነው፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ማሩ፣ ሙክቱ ይታዘዝለታል። እንግዳውም ባዶ እጁን አይቀርብም፤ እጅ መንሻ ያቀርባል። እህሉን የዘራው፣ ሙክቱን ያሰባው ግን ባላገሩ ነው። እጅ መንሻው እሱ ጋ አይደርስም።

ይቺን ያዙልኝና ወደ ዛሬ ልምጣ።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ደብረ ብርሃን ትገባላችሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። እዚያ መንገደኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ድርብ ብርድ ልብስ። ለሁለቱ ሳያቅማማ ይከፍላል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ አንኮበር ነው፤ የጥንቱ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቶበታል። ለአልጋው ከፈለ፣ ለምግቡ ከፈለ፣ ለመኪናው ነዳጅ ከፈለ። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ጉም ተኝቷል፤ ጉሙ ሲገለጥ የአፋር ቆላ ወለል ይላል። ጭላዳዎች ከገደሉ እየወጡ ሣሩን መንጨት ይጀምራሉ። የመጣውስ ለዚህ አልነበረም? ለዚህ ግን ሒሳብ የሚያቀርብለት የለም።

ከሁሉ በፊት ሰላም እንደሚቀድም አልረሳሁም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ሲደርስ ገደሉም ጭላዳውም ባሉበት ነበሩ፤ እንግዳ ግን አልነበረም።

ያ ሒሳብ የማይቀርብለት ነገር ግን ጠባቂ አለው፤ ለዚህ መንዝን ላንሳ። ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ ያለውን ሣር የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ቤት መክደኛና ገመድ ነው፤ ሲከፈት ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሰዉ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ እዚያ የሚታየው፣ ያ ገበሬ ለዓመታት ከብቱን ከሣሩ ስለከለከለ ነው። እኔ ከሙቅ ውሃው ይልቅ ይህ ጥበቃ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል ባይ ነኝ። የጥንቱ ባላገር ድርጎውን አወጣ፤ የዛሬው ደግሞ ሣሩንና አውሬውን ጠብቆ ያቆየልናል።

እና ወገኖቼ፣ ሰላም ሆኖ ጓሳ ስትወጡ ማኅበረሰቡ ለሚጠይቀው የመግቢያ ክፍያ አትከራከሩ። መንገድ መሪ ከአገሬው ያዙ። የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሆነውን ባናንም ከሸመነው ሰው እጅ፣ ባለው ዋጋ ግዙት።