የፖስትግሬስ ሰርቨር ሥሪት ማሻሻል

የፖስትግሬስ ሰርቨር ሥሪት ማሻሻል በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሰርቨርን ከአሮጌ ዋና ሥሪት ወደ አዲስ ዋና ሥሪት የማሸጋገር ሥራ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል በነጻ የሚታደልና ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት አገልግሎቶቹ አንዱ የጤና መረጃ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓት መነሻው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስኪውኤል ነው። ስለዚህ በአሰላም ሆነ በአርሲ ደጋ ወረዳዎች ካሉ ጤና ተቋማት በዚህ ሥርዓት የሚላክ የወሊድ፣ የክትባትና የሕመም ቁጥር የሚያርፈው እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ማሻሻሉ ቢበላሽና መጠባበቂያ ቅጂ ባይኖር የዓመታት መዝገብ ሊጠፋ ይችላል።

የሥሪት አቆጣጠር

ከሥሪት 10 (እ.ኤ.አ. 2017) ወዲህ የመጀመሪያው ቁጥር ዋናውን ሥሪት፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ንዑሱን ያመለክታል። ከ14.3 ወደ 14.9 መሄድ ንዑስ ማሻሻያ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን ቀይሮ ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት ይበቃል። ከ14 ወደ 16 ሲኬድ ግን የፋይሎቹ ውስጣዊ አቀማመጥ ስለሚለያይ አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን የመረጃ ማኅደር አይከፍትም። አዲስ ዋና ሥሪት በየዓመቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ለ5 ዓመት ያህል ጥገና ይደረግለታል።

የማሻሻያ መንገዶች

• ገልብጦ መጫን፦ መረጃው በሙሉ ወደ ጽሑፍ ፋይል ይወጣና በአዲሱ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ቀርፋፋ ቢሆንም ኢንዴክሶች እንደ አዲስ ስለሚሠሩ አስተማማኝ ነው።
• ፒጂ አፕግሬድ፦ የመረጃ ፋይሎቹን እንዳሉ ወደ አዲሱ ሥሪት የሚያሸጋግር ፕሮግራም ነው። የአሮጌውም የአዲሱም ሥሪት ፕሮግራም አብረው መጫን አለባቸው። ምንም ሳይለውጥ የሚፈትሽበት «ቼክ» የተባለ ምርጫ አለው።
• ሎጂካል ሬፕሊኬሽን፦ ሁለቱ ሰርቨሮች ጎን ለጎን እየሠሩ መረጃው ይተላለፋል፤ አገልግሎቱ የሚቋረጠው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ሰርቨሩ አይነሳም። በመዝገብ ፋይሉ (ሎግ) ላይ የመረጃ ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ጋር እንደማይስማሙ ከተጻፈ አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ማኅደር ለመክፈት ሞክሯል ማለት ነው። መፍትሔው የአሮጌውን ሥሪት ፕሮግራም መልሶ መጫንና ማሻሻሉን በደንቡ መጀመር ነው። በማኅደሩ ውስጥ ያለውን የሥሪት ቁጥር በእጅ መለወጥ መረጃውን ለብልሽት ያጋልጣል።

ዳታቤዙ ባዶ ሆኖ ይታያል። በዴቢያንና በኡቡንቱ አዲሱ ሥሪት ሲጫን ባዶ ሰርቨር አብሮ ይፈጠራል። አሮጌው በፖርት 5432 ላይ ካለ አዲሱ ብዙውን ጊዜ 5433 ይይዛል። መረጃው አልጠፋም፤ የተገባው በሌላኛው በር ነው።

ተጨማሪ ክፍል ይጎድላል። ዲኤችአይኤስ 2 ለካርታ ሥራ የሚጠቀምበት ፖስትጂአይኤስ ለአዲሱ ሥሪት ካልተጫነ ፒጂ አፕግሬድ ይቆማል።

የይለፍ ቃል አይሠራም። ከሥሪት 14 ጀምሮ የይለፍ ቃል ማመስጠሪያው በነባሪነት ስክራም ሆኗል፤ ይህን የማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞች መግባት ሊከለከሉ ይችላሉ።

ሥራው ይንቀራፈፋል። ከሥሪት 18 በፊት ፒጂ አፕግሬድ የመረጃ ስታቲስቲክሱን አያሸጋግርም። ከማሻሻሉ በኋላ የ«አናላይዝ» ትእዛዝ መሰጠት አለበት።

የግዕዝ ፊደልና ቅደም ተከተል

ሰርቨሩ ያለ ስህተት ተነስቶም መረጃ ሊሰወር ይችላል። ፖስትግሬስኪውኤል የፊደላትን ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የሚወስደው ጂሊብሲ ከተባለው የሊኑክስ ክፍል ነው። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሥሪት 2.28 ቅደም ተከተሉን በስፋት ለውጧል። ኡቡንቱ 18.04ን ወደ 20.04 ወይም ዴቢያን 9ን ወደ 10 የለወጠ ሰው ይህን ለውጥ ይሻገራል። በአሮጌው ቅደም ተከተል የተሠራ ኢንዴክስ እንዳለ ከተሸጋገረ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለ ስም ተፈልጎ ላይገኝ፣ ሁለት ጊዜ መመዝገብ የሌለበትም ሊደገም ይችላል። መፍትሔው «ሪኢንዴክስ» በሚለው ትእዛዝ ኢንዴክሶቹን እንደገና መሥራት ነው።

በ«ሲ» ቅደም ተከተል የተፈጠረ ዳታቤዝ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ፊደላትን የሚደረድረው በኮድ ቁጥራቸው ነውና። በዩኒኮድ ውስጥ መሠረታዊዎቹ የግዕዝ ፊደላት የተቀመጡት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሆነ የአማርኛ ስሞች እንደ ፊደል ገበታው ይደረደራሉ።

ወደ ኋላ መመለስ

ፒጂ አፕግሬድ ፋይሎቹን ሲቀዳ አሮጌው ማኅደር ሳይነካ ይቀራል፤ መብራት ቢቋረጥ እንኳ እንደገና መጀመር ይቻላል። «ሊንክ» የተባለው ምርጫ ፈጣንና ቦታ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሥሪቶች ፋይሎቹን ስለሚጋሩ አዲሱ ሰርቨር አንድ ጊዜ ከተነሳ ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከማሻሻሉ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥና ቅጂው በትክክል መከፈቱን መሞከር ያስፈልጋል። አሮጌው ማኅደርም የሚሰረዘው በአዲሱ ላይ ያለው መረጃ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።