የካኔ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ፦ ብቻን የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ለታሪክ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

በትምህርት ቤት የጦርነት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በዘመኑ፣ በአዛዦቹ ስምና በአሸናፊው ማንነት ተጠቃልሎ ያልፋል። ተማሪው ውጤቱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ተሸናፊው ወገን ከመነሻው ማስተዋል የጎደለው መስሎ ይታየዋል። ይህን ግንዛቤ ለማረም ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ፣ መምህሩ ከትምህርቱ በፊት ጦርነቱን በጠረጴዛ ላይ ለብቻው በጨዋታ መልክ መፈተሹ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1780 ጀርመናዊው ሄልቪግ የሰንጠረዥን ገበታ አስፍቶ የጦር ጨዋታ አዘጋጀ። በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ ካርታን፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠርና ዳኛን አክሎ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አዋለው። በ1973 ደግሞ እንግሊዛዊው ዶናልድ ፌዘርስቶን ብቻውን ለሚጫወት ሰው የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ።

ለምሳሌ ያህል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በደቡብ ኢጣሊያ፣ በአውፊዱስ ወንዝ አጠገብ የተካሄደውን የካኔ ጦርነት መመልከት ይቻላል። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደሚለው ሮማውያን 80,000 እግረኛና ከ6,000 በላይ ፈረሰኛ ሲኖራቸው፣ የካርቴጁ አዛዥ ሐኒባል 40,000 እግረኛና 10,000 ያህል ፈረሰኛ ነበረው። ከሮማውያኑ እግረኞች 10,000ው በሰፈር ቀርተዋል። ስለዚህ አንድ ፍሬ ለ1,000 ሰው ቢቆም፣ 70 የበቆሎ ፍሬ ከ40 የባቄላ ፍሬ ጋር ይገጥማል፤ ፈረሰኛው በጠጠር ይለያል። የሐኒባል መሀል ጦር ወደ ፊት ጎብጦ ሲሰለፍ፣ አፍሪካውያን እግረኞቹ በግራና በቀኝ ይቆማሉ።

ብቸኛው ተጫዋች የሚገጥመው ዋና ችግር ከራሱ ምሥጢር መደበቅ አለመቻሉ ነው፤ የሐኒባልን ወጥመድ የሚያውቀው እጅ የሮማውያንንም ጦር ያንቀሳቅሳል። መፍትሔው ለዕለቱ የሮማ አዛዥ ለቫሮ ክፍት የነበሩትን አማራጮች አስቀድሞ በወረቀት ማስፈር ነው፤ ይኸውም መሀሉን አጥብቆ መግፋት፣ ሰልፉን ማስፋት፣ ወይም ከሰፈር አለመውጣት። ከዚያም ዳይስ ተጥሎ የወጣው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ይፈጸማል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከእያንዳንዱ አማራጭ ጎን ምክንያቱን መጻፍ ሲያስፈልግ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በትሬቢያ ሮማውያን ቢሸነፉም፣ 10,000 ያህል እግረኞቻቸው የሐኒባልን መሀል ሰብረው ወጥተው ነበር። ስለሆነም በካኔ ሰልፉን ማጥበብና ማወፈር ከልምድ የመነጨ ውሳኔ እንጂ ጭፍንነት አልነበረም። የሐኒባል ድልም መሀሉ እያፈገፈገ ሳይበተን በመቆየቱና፣ ሐስድሩባል የሚመራው ፈረሰኛ በጊዜ ዞሮ ከሮማውያን ጀርባ በመድረሱ የተገኘ ነው። መሀሉ ቀደም ብሎ ቢሰበር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር።

ይሁን እንጂ ዳይስ የታሪክ ማስረጃ አይደለም። ከገበታው የሚነሣው አንድ ፍሬም የ1,000 ሰው ሕይወት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፖሊቢየስ የሮማውያንን ሙታን ወደ 70,000 ሲያደርስ፣ ሮማዊው ሊቪየስ ወደ 48,000 ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህ ልዩነት ራሱ ለክፍል ውይይት የሚበቃ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ጨዋታውን ለብቻው ከፈተሸ በኋላ የአማራጮቹን ወረቀት ወደ ክፍል ቢያመጣ ይመረጣል። ተማሪዎች ውጤቱ ሳይነገራቸው መርጠው ምክንያታቸውን ይጽፋሉ፤ የጥንት ጸሐፊዎች ምስክርነት የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው።