ኮምፓይለርና ፊደል፦ በመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች የአማርኛ ጽሑፍ



በአራዳ የሚገኘውና በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተሰየመው ድልድይ ስሙ አንድ ጊዜ «ሃብተ»፣ ሌላ ጊዜ «ሀብተ» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቍጥሮችን ያያል። ፊደል በማሽን ውስጥ ቍጥር ስለሆነ፣ በአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራም ለማዘጋጀት ኮምፓይለር መምረጥ ከዋጋና ከፍጥነት ያለፈ ጉዳይ ነበር።

የአይ.ቢ.ኤም የግል ኮምፒውተር በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ቤዚክ አብሮት ነበር። ቤዚክ ትእዛዙን በሥራ ላይ እያለ እየተረጐመ ስለሚሄድ አዝጋሚ ነው። ኮምፓይለር ግን ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል። በ1983 ቦርላንድ ቱርቦ ፓስካልን በ49.95 ዶላር አቀረበ። ማረሚያውና ኮምፓይለሩ በአንድነት በ64 ኪሎባይት ማኅደር ይሠሩ ነበር። በገበያው ሚዛን ምርጫው ቀላል ይመስላል።

በፊደላችን ሚዛን ግን እንደዚያ አልነበረም። አንድ ባይት 256 ቍጥሮችን ብቻ ይይዛል፤ ግማሾቹን፣ ማለትም 128ቱን፣ የእንግሊዝኛው አስኪ ወስዷቸዋል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን መተው፣ ፊደሉን እንደ ጽሕፈት መኪና ከፍሎ መቀጠል፣ ወይም ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት መስጠት ግድ ነበር።

ኮምፓይለሮቹ ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ይለያያል። በቱርቦ ፓስካል አንድ የጽሑፍ ሐረግ ከ255 ባይት አይበልጥም፤ ፊደሉ ሁለት ባይት ከሆነ 127 ፊደላት ብቻ ይገባሉ። በሲ ቋንቋ ይህ ገደብ የለም። ሆኖም ብዙዎቹ የሲ ኮምፓይለሮች አንዱን ባይት ከ−128 እስከ 127 አድርገው ይቈጥሩታል። ቍጥሩ 200 የሆነ ፊደል −56 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም የፊደሉን ቅርጽ ከሰንጠረዡ ውጭ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ባይቱን ከአሉታዊ ቍጥር ነጻ የሚያደርግ አንድ ቃል ነው፤ አስቀድሞ ላላወቀው ግን ብዙ ሌሊት ያስከፍላል። የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ችግር ላያየው ይችላል፤ ፊደሎቹ ከ127 በታች ናቸውና።

በ1980ዎቹ አቶ ፍሥሐ አጥላውንና ዶክተር አበራ ሞላን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደክመዋል። የጋራ መለያ ስላልነበረ ግን በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዝግቦ የጋራ ቍጥር ሰጠ።

ይህ ታሪክ ሁለት ተግባር ይተውልናል። አንደኛ፣ በቀደሙት ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች የሚነበቡት የቍጥር ሰንጠረዦቻቸው እስከታወቁ ድረስ ነውና፣ ዲስኮቹ ሳይበላሹ ፕሮግራሞቹን ከነሰንጠረዦቻቸው መሰብሰብ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዩኒኮድም ቢሆን «ሃብተ»ንና «ሀብተ»ን አንድ አላደረጋቸውም፤ አንድ ናቸው ብሎ ለማሽኑ መንገር የፕሮግራም አዘጋጁ ኀላፊነት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ ፍጥነቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ፊደልን በምን እንደሚለካ ጠይቁ።